በኦገስት፣ በሸራ ጀልባ፣ ከአቴንስ እስከ ሳንቶሪኒ? ይቅርብዎ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሚዩኒክ ነው። በኦገስት አጋማሽ ሸራ ጀልባ ተከራይተን አንድ ሳምንት ግሪክ ማሳለፍ አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ13 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ የምትመጣው የ67 ዓመት እናቴ ነን። ከአቴንስ ተነስተን፣ ሚኮኖስና ሳንቶሪኒን አይተን፣ በሰባተኛው ቀን ልንመለስ ነው። ከተመቸን ወደ ቱርክም ብቅ እንላለን። ባለቤቴ የጀርመን የባሕር ጀልባ ፈቃድ ስላለው ካፒቴን አንቀጥርም። ኦገስት ላይ ዝናብም ማዕበልም የለም ብለውናል። እኔና እናቴ ዋና አንችልም። ምን ትመክረናለህ?»

ምላሽ፦ ዝናብ የለም ያሉዎት ልክ ናቸው። ማዕበል የለም የሚለው ግን ስህተት ነው። ዕቅዱን ከሥሩ ያበላሸውም እሱ ነው።

በኤጂያን ባሕር ላይ በበጋው ወራት ሜልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል። የሚበረታው ጁላይና ኦገስት ላይ ነው፤ ልክ እርስዎ በመረጡት ጊዜ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በባልካን በኩል ያለው የአየር ግፊት ከፍ ይላል። በቱርክና ከዚያ ወዲያ ባለው ምሥራቅ ደግሞ ምድሩ በፀሐይ ግሎ ግፊቱ ይወርዳል። አየሩ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ሲሮጥ መተላለፊያው ኤጂያን ነው። በደሴቶች መካከል ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ሲያልፍ ደግሞ ይብስበታል። በነፋስ መለኪያው በቦፎርት 5 እና 6 የተለመደ ነው፤ 7 መድረሱም ብርቅ አይደለም። 6 ማለት ከ22 እስከ 27 ኖት፣ በእኛ ልክ በሰዓት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አንዴ ከጀመረ ሦስት አራት ቀን ሳያቋርጥ ሊነፍስ ይችላል። ተንኮሉ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ መምጣቱ ነው። ደመና አይቶ መጠንቀቅ የለመደ ሰው እዚህ ይሸወዳል።

ጨዋታ ካነሣን፣ የጥንት ግሪኮች ይህንኑ ነፋስ «የየዓመቱ ነፋስ» ይሉት ነበር። አንዳንዶቹ ዓባይ በእነዚሁ ወራት ግብፅን የሚያጥለቀልቀው ይህ ነፋስ ወንዙን ወደ ባሕር እንዳይገባ እየገፋ ስለሚያቆመው ነው ብለው አስበዋል። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ሐሳቡን ጠቅሶ ውድቅ አድርጎታል። የራሱ መላ ምትም ቢሆን አልሠመረለትም። ጎርፉ የእኛው ደጋ የክረምት ዝናብ ነበር። ሜልቴሚ ኤጂያንን በሚያምስበት ሰሞን ጎጃም ዝናብ ይወርዳል። ሁለቱ በአንድ ወቅት ከመገጣጠማቸው በቀር ሌላ ጥፋት የለባቸውም።

አሁን ወደ ርቀቱ። ካርታ ላይ ደሴቶቹ ተደራርበው ስለሚታዩ ሁሉም ሰው ይሳሳታል። ከአቴንስ ሚኮኖስ 90 የባሕር ማይል ገደማ ነው (አንዱ የባሕር ማይል 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው)። ከሚኮኖስ ሳንቶሪኒ ሌላ 70 ማይል ይሆናል። ከሳንቶሪኒ ወደ አቴንስ መመለሻው ከ120 ይበልጣል። ሲደመር ወደ 280 የባሕር ማይል ነው። ተራ የኪራይ ሸራ ጀልባ በሰዓት 5 ወይም 6 ማይል ይሄዳል፤ በሩጫ ልምምድ ላይ ያለ ሰው ይቀድመዋል። ስለዚህ ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ ከ45 ሰዓት በላይ ጉዞ ነው። የኪራይ ሳምንት ደግሞ እውነተኛ ሳምንት አይደለም። ጀልባውን ቅዳሜ ከሰዓት ወደ 11 ሰዓት ይረከባሉ። ዓርብ ማታ ወደ ተነሡበት ወደብ መመለስ አለብዎ፤ ቅዳሜ ጠዋት ያስረክባሉ። ስድስት ቀን ብቻ ነው የሚቀርዎ።

የከፋው መመለሻው ነው። ሲሄዱ ነፋሱ ከኋላ ይገፋዎታል፤ «እንዲህ ቀላል ነው እንዴ!» ይላሉ። ሲመለሱ ግን ፊት ለፊት ይገጥምዎታል። ሸራ ጀልባ ነፋስን በቀጥታ ገጥሞ መሄድ አይችልም። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እየተሰበረ፣ በ45 ዲግሪ ገደማ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። በዚህ ሒሳብ 10 ማይል የነበረው መንገድ 14 ይሆናል። በሞተር እንግፋ ካሉም፣ ጀልባው ከማዕበሉ ጋር ፊት ለፊት እየተላተመ ሁሉንም ሰው ያስመልሳል። እናትዎ በዚህ ጉዞ ላይ ሁለተኛ ቀን አይሞሉም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ውሰዱኝ ይላሉ።

ሳንቶሪኒ ደግሞ ለጀልባ የተሠራች ደሴት አይደለችም። ያ በፎቶ የሚያዩት ገደል የተሰመጠ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ከሥሩ ያለው ውሃ በመቶዎች ሜትር ስለሚጠልቅ መልህቅ መሬት አይነካም። በደቡብ በኩል ቭሊካዳ የምትባል ትንሽ ወደብ አለች፤ ኦገስት ላይ ግን ቦታ ማግኘት ሎተሪ ነው። ሳንቶሪኒን ማየት ከፈለጉ ሌላ ጊዜ በመንገደኛ መርከብ ይሂዱ።

ስለ ፈቃዱ። ባለቤትዎ ያላቸው «ስፖርትቦትፍዩረርሻይን ዜ» ከሆነ፣ ፈተናው የሞተር ጀልባ ነው። ሸራ አይፈተንበትም። ግሪክ ውስጥ ሸራ ጀልባ ያለ ካፒቴን ለመከራየት አንድ ሰው የሸራ ብቃት ያለው መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት፣ ሁለተኛ አዋቂ ሰው ደግሞ ልምድ እንዳለው ፈርሞ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። በጀርመን በኩል ለዚህ የሚመጥነው «ኤስ ካ ኤስ» የሚባለው ነው፤ እሱን ለማግኘት በባሕር ላይ የ300 ማይል ልምድ ይጠየቃል። ሁለተኛው ሰው ማን ሊሆን ነው? እርስዎ ጀልባ ይዘው አያውቁም። አንዳንድ አከራይ ወረቀቱን በደንብ ሳያይ ሊያልፍዎ ይችላል። ያ ግን ውለታ አይደለም። አደጋ ሲደርስ ወረቀቱን አጥብቆ የሚያየው መድን ሰጪው ነው።

ወረቀቱን ትተን ሙያውንም እንይ። ባሕሩ ላይ መንዳት ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ወደብ መግባት ነው። በሜዲትራኒያን ጀልባ መንገድ ዳር እንደሚቆም መኪና በጎኑ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ አይቆምም። ከግድግዳው አርባ ሃምሳ ሜትር ርቀው መልህቅ ይጥላሉ። ከዚያ ሰንሰለቱን እየለቀቁ፣ በሁለት ጀልባዎች መካከል ባለች ቀዳዳ፣ በኋላ ማርሽ ይገባሉ። ነፋስ ከጎን ይገፋዎታል። የግራ ጎረቤት እጁን ዘርግቶ ይጮኻል። ካፌ የተቀመጠው ሕዝብ ደግሞ ቡናውን ይዞ እንደ ቲያትር ያያል። መልህቁ በሌላ ሰው ሰንሰለት ላይ ካረፈ ጠዋት መከራ ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመቴ ሃይድራ ወደብ ውስጥ የሦስት ጀልባዎች ሰንሰለት ላይ መልህቄን ጥዬ፣ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል። የሦስት አገር ስድብም ተምሬበታለሁ። ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩት ዋና የማይችሉ ሁለት ሰዎችና ሁለት ልጆች ተሳፍረው መሆን የለበትም። ካፒቴን ይቀጠራል። ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

ቱርክን እርሷት። ከአቴንስ በዚህ ጊዜ የሚደረስባት አይደለችም። ቢደረስባት እንኳ ችግሩ ሌላ ነው። እናትዎ ለጀርመን በተሰጣቸው የሸንገን ቪዛ፣ ዋና መዳረሻቸው ጀርመን እስከሆነ ድረስ፣ ግሪክንም መጎብኘት ይችላሉ። ቪዛው አንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ግን ቱርክ እግራቸውን ባሳረፉበት ቅጽበት አበቃ። በጀልባ መሄድ ድንበርን አያጠፋም። ከግሪኳ ደሴት ከኮርፉ ማዶ አፍንጫ ሥር ያለችው አልባኒያም ከሸንገን ውጭ ናት። የእርስዎ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ በሌሎቹ የሸንገን አገሮች በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያስኬድዎታል፤ ከሸንገን ውጭ ግን በፓስፖርትዎ ነው የሚዳኙት። የተከራዩት ጀልባም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከግሪክ ውሃ አይወጣም። የተሳፋሪዎቹ ስም ዝርዝር ከነፓስፖርት ቁጥሩ በጀልባው ላይ ስለሚቀመጥ፣ ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ዋናውን ፓስፖርትና የመኖሪያ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ።

ታዲያ የት ይኬድ? ከአቴንስ መነሣት የግድ ከሆነ ሳሮኒክ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ አለ፤ ኤጊና፣ ፖሮስ፣ ሃይድራ፣ ስፔትሴስ። ርቀቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ሜልቴሚም እንደ ኤጂያኑ መሀል አይከፋም። መጥፎ ምርጫ አይደለም። ግን ኦገስት ላይ የአቴንስ ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ክሮኤሺያም ጥሩ ናት። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ስለገባች በቪዛው በኩል ችግር የለም። ወደብ ላይ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ከግሪክ ይከብዳል።

የእኔ ምክር በምዕራብ በኩል ያለው የአዮኒያን ባሕር ነው። መነሻው ሌፍካዳ። ሜልቴሚ እዚያ አይደርስም። በእሱ ፈንታ ማይስትሮ የሚባል የሰሜን ምዕራብ ነፋስ አለ። ጨዋ ነፋስ ነው። ጠዋት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ይነሣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ከቦፎርት 3 እስከ 5 ነው። ዋናዎቹ ደሴቶች ከአየርና ከማዕበል እየከለሉ በመሀል ሐይቅ የመሰለ ውሃ ይፈጥራሉ። ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው ከ8 እስከ 15 ማይል ነው፤ የሁለት የሦስት ሰዓት መንገድ። ሌፍካዳ ደሴት ብትሆንም ከየብሱ ጋር በድልድይ ተያይዛለች። ከፕሬቬዛ አውሮፕላን ማረፊያ በታክሲ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከተማዋ ውስጥ ሆስፒታል አለ። የ67 ዓመት ሰው ይዞ ለሚሄድ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጊዜውንም ይቀይሩ። ኦገስት 15 በግሪክ የእመቤታችን በዓል ነው፤ አገሩ በሙሉ ወደ ባሕር ይወርዳል። በዚያ ሳምንት ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ወደብ ደርሶ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ደግሞ አስቡት፤ ከኦገስት 7 እስከ 21 ፍልሰታ ነው። እናትዎ የሚጾሙ ከሆነ ሽርሽሩ በሙሉ ጾም ላይ ይወድቃል። ባቫሪያ ውስጥ የትምህርት ቤት እረፍት እስከ ሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት ድረስ ስለሚዘልቅ ዕድለኛ ናችሁ። የኦገስት የመጨረሻ ቅዳሜ ተሳፍራችሁ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ቅዳሜ ውረዱ። ባሕሩ ያኔም ሞቃት ነው። ሕዝቡ ይሳሳል። ኪራዩም ይቀንሳል። ለእንቁጣጣሽ ቤት ትገባላችሁ። ከዚያ በላይ ግን አታዘግዩት። በሴፕቴምበር 2020 ኢያኖስ የሚባል አውሎ ነፋስ የአዮኒያን ደሴቶች የሆኑትን ኬፋሎኒያንና ኢታካን መትቶ ወደብ የቆሙ ጀልባዎችን ሳይቀር ሰባብሯል። ብዙ ጊዜ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ የሚመጣበት ሰሞን ግን ከበጋው ማብቂያ ጀምሮ ነው።

ቀኑ መቀየር የማይቻል ከሆነስ? አዮኒያን ኦገስት ላይም ይሠራል። ጠዋት 2 ሰዓት መነሣት፣ 7 ሰዓት ሳይሞላ ወደብ መግባት ይልመዱ። ለጾሙም አትጨነቁ። ግሪኮችም ከኦገስት 1 እስከ 14 ይጾማሉ። ምግብ ቤት ገብተው «ኒስቲሲማ» ካሉ የጾም ምግብ ማለትዎ እንደሆነ ይገባቸዋል፤ ባቄላ በቲማቲም፣ የተቀቀለ ቅጠል፣ ሩዝ የተሞላ ቃሪያ። እነሱ በጾም ኦክቶፐስና ስኩዊድ ስለሚበሉ ግን እናትዎ ሳህኑን ሳያዩ አይጀምሩ።

መንገዱን ካፒቴኑ ይወስናል። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር። እሑድ ሌፍካዳን ከየብሱ በሚለየው ቦይ ወደ ደቡብ ወርዶ ሜጋኒሲ የምትባለው ደሴት ማደር። ሰኞ ኢታካ፣ ኪዮኒ የምትባለው መንደር። ማክሰኞ ፊስካርዶ፤ በ1953 የመሬት መንቀጥቀጥ አብዛኛው ኬፋሎኒያ ሲፈርስ እሷ ተርፋለች፤ የድሮዎቹ ቤቶች አሁንም ቆመዋል። እዚያ ሁለት ሌሊት እደር ነበር። እያንዳንዱን ቀን በጉዞ መሙላት የጀማሪ በሽታ ነው፤ ልጆቹም ጀልባው ሲቆም ነው የሚደሰቱት። ሐሙስ ወደ ሌፍካዳ ደቡብ፣ ሲቮታ። ቫሲሊኪን ይለፏት፤ ነፋሱ እዚያ ስለሚጠነክር የሸራ ሰሌዳ ተንሸራታቾች መሰብሰቢያ ናት። ዓርብ ወደ መነሻው።

ስለ ጀልባው። አምስት ናችሁ፤ ከካፒቴኑ ጋር ስድስት። እሱም የራሱ መኝታ ክፍል ይገባዋል፤ ስለዚህ አራት ክፍል ያለው፣ 45 ጫማ ገደማ የሆነ ይፈልጉ። በዚያ ሰሞን ለሳምንት እንደ ጀልባው ዕድሜ ከ3,500 እስከ 6,000 ዩሮ አካባቢ ያስቡ። ካፒቴኑ በቀን 200 ዩሮ ገደማ ነው፤ ምግቡም በእናንተ ነው። ነዳጅ፣ የጽዳት፣ የወደብ፣ የውሃ ክፍያ ይጨመራል። «ሸራ ስለሆነ ነዳጅ አያስፈልግም» የሚል ካለ አይመኑት፤ በአዮኒያን ጠዋት ጠዋት የሚሄዱት በሞተር ነው። መያዣ ደግሞ ከ2,000 እስከ 4,000 ዩሮ ካርድዎ ላይ ይታገዳል። በጥቂት ገንዘብ መያዣውን የሚሸፍን መድን አለ፤ ይግዙት። ካታማራን የሚባለው ባለ ሁለት አካል ጀልባ ሰፊና የማይጋደም ነው፤ ለእናትዎም ይመቻል። ዋጋው ግን እጥፍ ሊደርስ ይችላል፣ ትንንሾቹ ወደቦችም ውስጥ ቦታ አያገኝም። ገንዘቡ ካለ አልከለክልም።

እናትዎን በተመለከተ አንድ ነገር ቀድመው ይጠይቋቸው፤ ጉልበታቸው እንዴት ነው? ከወደብ ወደ ጀልባ የሚገባው በአንዲት ጠባብ ሳንቃ ነው። ወደ ታች መኝታው የሚወረደው በቀጥ ያለ መሰላል ነው። ሽንት ቤቱ ጠባብ ነው፤ ወረቀት አይጣልበትም፣ ከተዘጋ የሁላችሁም ሳምንት ተበላሸ። በቤታቸው ደረጃ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ጀልባው ይቅር። ሜጋኒሲ ማዶ፣ ኒድሪ አካባቢ ቤት ተከራይታችሁ፣ ጀልባ ከነካፒቴኑ ለሁለት ለሦስት ቀን በየቀኑ ውሰዱ። በዚህ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም፤ እኔ ለራሴ እናት የማደርገው ይህንኑ ነው። የማጥወልወል መድኃኒት ከመነሣት በፊት ነው የሚዋጠው፤ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። የደም ግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳያማክሩ አይስጧቸው። ውጭ አየር ላይ ተቀምጠው አድማሱን ይዩ፤ ታች ወርደው አይተኙ፣ ስልክም አይመልከቱ።

ዋና አለመቻል ከጉዞው አያስቀርም። ደንብ ግን ይኑር። ጀልባው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እርስዎ፣ እናትዎና ልጆቹ የነፍስ አድን ጃኬት ትለብሳላችሁ፤ ሙቀትም ቢሆን። የልጆቹን ክብደት ለአከራዩ ቀድመው ይጻፉ፤ በልካቸው ካልሆነ ጃኬቱ ጃኬት አይደለም። ሞተር እየሠራ ማንም ውሃ አይገባም። ማታ ከጀልባው ጠርዝ ላይ ማንም ብቻውን አይሂድ፤ አዋቂም ቢሆን። መጀመሪያ ቀን ካፒቴኑ በሬዲዮው በቻናል 16 እርዳታ እንዴት እንደሚጠራ ለእርስዎም ለ13 ዓመቱ ልጅም ያሳይ። ካፒቴኑ ራሱ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ማን ይጠራል? በስልክ የግሪክ ባሕር ጠባቂ 108፣ የአውሮፓ አደጋ ጥሪ 112 ነው።

እናትዎ ሻንጣ ሲያዘጋጁ ደግሞ ይደውሉላቸው። ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ሚዩኒክ ላይ ይወሰድባቸዋል። ድርቆሽ ያምጡ፤ ጀልባ ላይ ቦታ አይፈጅም። ሽሮ የሚሠራው ግን ወደብ ከታሰረ በኋላ ነው። በሚወዛወዝ ምድጃ ላይ የሚንተከተክ ሽሮ ካፒቴኑ ላይ ሲደፋ አይቻለሁ።